የድሮው ቀበሌ ደረሰኝ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የዓመቱን ሒሳብ ከማቅረባችን በፊት ስለ ድሮው ቀበሌ ጥቂት እንበል። ምክንያት አለን። ዘንድሮ ከአባሎቻችን ሁለት እናቶች ባሎቻቸው ካረፉ በኋላ፣ በሚኖሩበት የቀበሌ ቤት ውል ላይ ስማቸው የለም ተብለው ብዙ ተመላልሰዋል።

ከአብዮቱ በፊት የከተማ ጉዳይ የማዘጋጃ ቤት ነበር። በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የነዋሪውን ውክልና ከማይንቀሳቀስ ንብረት ጋር አስሮት ነበር። ቤቱና ቦታው ደግሞ በአብዛኛው በወንድ ስም ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ። ነዋሪው በቀበሌ ተደራጀ። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑትን ቤቶች ቀበሌው ያስተዳድር ጀመር። እንደ ቦኖሻ ባለ ከተማ ከመቶ ብር በላይ የሚከራይ ቤት ፈልጉ ብንባል እንቸገር ነበር!

ቀበሌው ኪራይ ይሰበስባል፣ ፍርድ ሸንጎው ይዳኛል፣ ሱቁ ስኳር በካርድ ያድላል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በ15 ቋንቋዎች፣ ሀዲይኛና ከምባትኛን ጨምሮ፣ ብዙ እናቶችን ፊደል አስቆጥሯል። ክፉውንም አንደብቅም፤ በየከተማው የቀበሌ ጥበቃ ልጃቸውን የወሰደባቸው እናቶች ስሙን ሲሰሙ ዛሬም ፊታቸው ይጠቁራል።

እኛ ግን የሒሳብ ሰዎች ነንና ዓይናችን ደረሰኙ ላይ ነው። ኪራዩ የሚቆረጠው በአባወራው ስም ነው። ገበያ ወጥታ፣ በርበሬ ሸጣ የምትከፍለው ማን ነበረች? ብዙውን ጊዜ ወረቀቱ አይናገርም። ከሁለቱ እናቶች አንዷ ሣጥናቸውን ሲበረብሩ ግን በፌስታል የተጠቀለሉ የ1974 ዓ.ም. ደረሰኞች አገኙ። ገንዘብ ያዡ ከአባወራው ስም ሥር «በባለቤቱ እጅ» ብሎ ጽፏል። ስማቸውን አልጻፈም፤ ቢሆንም እዚያ ቤት እንደነበሩና እንደከፈሉ ያሳያል። ቅጂውን ከማመልከቻቸው ጋር አያይዘን አስገብተናል፤ መልስ እየጠበቅን ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የማኅበራችን ደረሰኝ በከፋይዋ ሙሉ ስም ብቻ ይቆረጣል። «የእገሌ ሚስት» ብለን አንጽፍም። የቆየ የኪራይ ወረቀት ያላችሁ እስከ ቅዳሜ አምጡልን፤ ቅጂ አንስተን እንመልሳለን። አይጥ የበላውንም አትጣሉት።

አሁን ወደ ዓመቱ ገቢና ወጪ እንለፍ።