ዕጩውን ማን ይነዳዋል?
(ለአንድ የውይይት ምሽት ካቀረብኩት ንግግር የተወሰደ)

ርዕሱን ሰምቶ ከአሁኑ ፊቱን ያዞረ ሰው አይቻለሁ። አይዞአችሁ፣ ስለተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ደግነትና ክፋት ልሰብክ አልመጣሁም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ አሜሪካዊ ዕጩ በዚህ ጉዳይ አፉን ከመክፈቱ በፊት ማንን ነው የሚፈራው? ተቃዋሚውን እንዳትሉኝ። የሚፈራው የገዛ ፓርቲውን ደጋፊ ነው።

እዚያ አገር ዕጩውን በአብዛኛው የሚመርጠው ተራው ደጋፊ ነው፤ ፕራይመሪ በሚሉት የውስጥ ምርጫ። ለዚህ ምርጫ የሚወጣው ሰው ጥቂት ነው፤ የሚወጣውም ልቡ የነደደው ነው። (የኛ አገር ዕጩ ማንን እንደሚፈራ ለሌላ ምሽት እናቆየው።)

ጁን 24 ቀን 2011 የኒውዮርክ ግዛት ሴኔት ይህን ጋብቻ 33 ለ29 ሲያጸድቅ ሚዛኑን የደፉት አራት ሪፐብሊካኖች ነበሩ። ባለሀብቶች ገንዘብ አፈሰሱላቸው። ምን ዋጋ አለው! ጄምስ አሌሲ በ2012 ጭራሽ አልተወዳደሩም። ሮይ ማክዶናልድ በዚያው ዓመት በውስጥ ምርጫ ወደቁ። ስቲቨን ሳላንድ የውስጡን ለጥቂት አለፉ፤ የረቷቸው ሰው ግን በሌላ ፓርቲ ስም ቀርበው ድምፅ ሲሻሟቸው ወንበሩን ዴሞክራቱ ወሰደው። ማርክ ግሪሳንቲ እስከ 2014 ከረሙና እሳቸውም በውስጥ ምርጫ ተሸኙ።

ዴሞክራቶቹስ? ኧረ ወዲያ! ባራክ ኦባማ በ1996 ለኢሊኖይ ሴኔት ሲወዳደሩ ጋብቻውን እንደሚደግፉ በጽሑፍ መልሰው ነበር። በ2008 ግን ጋብቻ የወንድና የሴት ነው አሉ። አማካሪያቸው የነበሩት ዴቪድ አክስልሮድ በ2015 ባሳተሙት መጽሐፍ ጉዱን አወጡት፤ በጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት ያለው ብርቱ ተቃውሞ ታስቦ ነው። ኋላ የፓርቲው ወጣትና ገንዘብ ሰጪ በተቃራኒው ሲገፋ፣ ሜይ 9 ቀን 2012 ወደ ድጋፉ ተመለሱ። ሰውየው ልባቸው ስንቴ ተለወጠ? እኔ አንዴም አልተለወጠም ባይ ነኝ።

በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 ወስኖ ነገሩን ዘጋው ስንል፣ በ2022 ጋብቻውን በሕግ የሚያጸና ረቂቅ ለሴኔት ቀረበ። ከሪፐብሊካኖች 12ቱ ሲደግፉ 36ቱ ተቃወሙ። ከ12ቱ ሦስቱ፣ ፖርትማን፣ ብላንትና በር፣ ወንበራቸውን የሚለቁ ነበሩ፤ የሚፈሩት ምርጫ የላቸውም። ያልለቀቁት የሰሜን ካሮላይናው ቶም ቲሊስ ግን በ2023 የገዛ ፓርቲያቸው የግዛት ጉባኤ በድምፅ አወገዛቸው። ከተቆጠሩባቸው ጥፋቶች አንዱ ያቺው ድምፅ ነበረች።