እሳት ዳገት ሲወጣ

በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጥተው ነበር። ከማንም በፊት የሚደርሰው ግን ሁልጊዜ ጎረቤቱ ገበሬ ነው፤ ዝግጅቱም ከእሱ መንደር ይጀምራል።

በበጋ የጓሳው ሣር ደርቆ ሲንኮሻኮሽ፣ ማር ቆራጭ ለጭስ ያነደደው ኩበት ሳይጠፋ ቢቀር፣ ነፋስ ካገኘው እሳት ለማስነሳት ይበቃል።

ስለዚህ ሣሩ ሳይደርቅ፣ በጫካውና በማሳው መካከል አፈሩ እስኪታይ ሰፊ መስመር ይመንጠር። አካፋና መጥረቢያው የት እንዳለ፣ ጥሩንባ ነፊው ማን እንደሆነ ቀድሞ ይታወቅ።

እሳት ዳገት ሲወጣ ይፈጥናል፤ እባካችሁ ከበላዩ አትቁሙ። ነበልባሉ ሲከስምም ቶሎ አትበተኑ። የአስታ ዛፍ ሥር ከአፈር በታች እየጨሰ ሊያድር ይችላል፤ ቆፍራችሁ ውኃ አፍስሱበት፣ ሌሊቱንም ተራ ገብታችሁ ጠብቁት።