የዩኒቨርሲቲው በር የሚዘጋው ዘጠነኛ ክፍል ነው
በወላጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ልጆቻችን ከፍተኛ ትምህርት ነው። በየሰፈሩ እየዞርን ወላጆችን ስናነጋግር ከሁሉ አብዝተን የምንሰማው «ልጄስ ጎበዝ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲው ገንዘብ ግን ከየት ይመጣል?» የሚለውን ነው። ገንዘቡ ቀላል ነው አንልም። ነገር ግን በእኛ አስተያየት ፍርሃቱ ያለ ቦታው ነው የገባው። ለትምህርት ክፍያ የሚረዱ ብዙ መንገዶች በዚህ አገር አሉ፤ ቆየት ብለን እንዘረዝራቸዋለን። ልጁን ከውጭ የሚያስቀረው በር ግን የሚዘጋው ገና ዘጠነኛና ዐሥረኛ ክፍል ሳለ ነው። ሲዘጋም ድምፅ የለውም። ወላጅ አይሰማውም፤ ብዙ ጊዜ ልጁም አይሰማውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁላችንም ልጆቻችን ባግሩት እንዲያገኙ እንጸልያለን፤ ባግሩት ከተገኘ ደግሞ ሁሉም ባግሩት አንድ ይመስለናል። አንድ አይደለም። ሒሳብ በ3፣ በ4 ወይም በ5 የሒዶት ይሰጣል፤ እንግሊዝኛም እንደዚሁ። በ3 የሒዶት የተማረውም በ5 የተማረውም «ባግሩት አለኝ» ይላል፤ ወላጅም በሁለቱም እኩል እልል ይላል። ዩኒቨርሲቲ ሲደርሱ ግን በ5 ለተማረው ቦኑስ የሚባል ተጨማሪ ነጥብ ይታሰብለታል። ስለዚህ በ5 የሒዶት ሒሳብ 80 ያመጣ ልጅ፣ በ3 የሒዶት 95 ያመጣውን ሊቀድመው ይችላል። ምህንድስና ወይም ኮምፒውተር እማራለሁ ለሚል ልጅማ የ3 የሒዶት ሒሳብ ከደጅ የሚመልስ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ የሚወሰነው መቼ ነው? ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል አይደለም። መካከለኛው ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆችን በሃክባጻ፣ ማለትም ደካማና ጠንካራ እያሉ በቡድን ሲከፋፍሏቸው ይጀመራል። ዝቅተኛው ቡድን ውስጥ የገባ ልጅ ዐሥረኛ ክፍል ሲደርስ «ያንተ መንገድ 3 የሒዶት ነው» ይባላል። አንዳንዱ በእርግጥ ሒሳብ ስለሚከብደው ነው። አንዳንዱ ግን ቋንቋው ስላልተስተካከለ፣ ወይም ቤት ውስጥ የሚያስጠናው ሰው ስለሌለ፣ ወይም ደግሞ፣ እውነቱን እንናገርና፣ መልኩ ታይቶ «ለዚህ አይበዛበትም» ስለ ተባለ ነው።

ከእናንተ ውስጥ በሰማንያዎቹና በዘጠናዎቹ ዓመታት ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት የተላካችሁ አላችሁ። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ምን ለመማር እንደምንፈልግ ሳንጠየቅ ወደ ሙያ ክፍል ተመደብን። ሙያ ክቡር ነው፤ አናጢውንም መካኒኩንም አንንቅም። ነገር ግን ሰው መርጦ ሲገባበትና ሰው ሲመርጥለት አንድ አይደለም። የዛሬው ምደባ እንደዚያ ዘመኑ በግልጽ አይታይም። ዛሬ የሚመጣው በደግ ቃል ነው፦ «ልጃችሁ እንዲጨነቅ አንፈልግም፤ በ3 ይማር፤ ይበቃዋል።» እኛም ባገራችን መምህር ያለው ስለሚከበር፣ መምህርን መልሶ መጠየቅም እንደ ድፍረት ስለሚቆጠር፣ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለን ፈርመን እንወጣለን።

እባካችሁ ሳትጠይቁ አትፈርሙ። መምህሩን ማክበርና መጠየቅ አይጣሉም። በሚቀጥለው አሴፋት ሆሪም ሁለት ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። አንደኛው፦ «በካማ የሒዶት ሁ ሎሜድ ማተማቲካ?» ልጄ ሒሳብ የሚማረው በስንት የሒዶት ነው ማለት ነው። ሁለተኛው፦ «ማ ጻሪኽ ላአሶት ከዴይ ሼያአሌ?» ወደ ላይኛው ቡድን እንዲወጣ ምን መደረግ አለበት ማለት ነው። ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ስትጠይቁ የመምህሩ ፊት ሲለወጥ ታያላችሁ፤ በልጁ ላይ የሚከታተል ወላጅ እንዳለ ያውቃልና። መልሱን በጽሑፍ ለምኑ። አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ መጋሼር እንዲገኝ አስቀድማችሁ ጠይቁ እንጂ ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት። ልጅ ስለ ራሱ ሲያስተረጉም የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን ሁላችንም እናውቃለን!

ስለ እንግሊዝኛም አንድ ቃል እንጨምር። «ዕብራይስጡን እንደ ውሃ ይጠጣዋል፤ እንግሊዝኛ ለምኑ ነው?» የሚሉ ወላጆች አሉ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ትምህርቱ በዕብራይስጥ ይሰጣል፤ የሚነበበው ጽሑፍ ግን አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ፕቶር የሚባለው ደረጃ ላይ ያልደረሰ ተማሪ ተጨማሪ የእንግሊዝኛ ትምህርት እየወሰደ ጊዜውንም ገንዘቡንም ይጨርሳል።

አሁን «የኔ ልጅ እኮ ጨርሷል፤ ድስት ጥዶ ማልቀስ ሆነብን» የምትሉ ትኖራላችሁ። አልሆነባችሁም። ሁለተኛ በር አለ። መኺና የሚባለው የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ቅድመ ዝግጅት አንድ ዓመት ገደማ የሚፈጅ ሲሆን የባግሩትን ጉድለት ይሞላል፤ ከሠራዊት ለተሰናበቱ ልጆችም የክፍያ እርዳታ አለው። ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1970ዎቹ ከተቋቋመ ጀምሮ ያለ ባግሩት ተማሪ ይቀበላል። አንድ ልጅ እዚያ የተወሰኑ ኮርሶችን በጥሩ ውጤት ጨርሶ፣ በስምምነት በተዘጋጀው መሸጋገሪያ በኩል ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ይችላል። ብዙ ተግሣጽ የሚጠይቅ መንገድ ነው፤ ብቻውን የሚያጠና ሰው ይፈልጋል። ግን ክፍት ነው።

ፕሲኮሜትሪ የተባለው ፈተናም ያስፈራቸዋል። ነጥቡ ከ200 እስከ 800 ሲሆን በሒሳብ አስተሳሰብ፣ በቋንቋና በእንግሊዝኛ ይፈትናል። ፈተናው ተለማምደው የሚያሻሽሉት እንጂ የተፈጥሮ አእምሮ መለኪያ አይደለም። ባለ ገንዘቡ ልጁን ወራት በሚፈጅ ኮርስ ያዘጋጀዋል፤ የኛ ልጅ ባዶ እጁን ገብቶ ሲወድቅ «ለዚህ አልተፈጠርኩም» ይላል። ይህን አትቀበሉት። በአሁኑ ጊዜ በብዙ የትምህርት ዓይነቶች ያለ ፕሲኮሜትሪ፣ በባግሩት ውጤት ብቻ መግባት እንደሚቻልም እወቁ፤ ያን ጊዜ የሚያወጣው ያ ባለ 5 የሒዶት ባግሩት ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በመንግሥት በጀት የሚተዳደሩት ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች ለመጀመሪያ ዲግሪ በዓመት የሚያስከፍሉት ከ10 ሺህ ሸቀል በላይ ነው። የግል ኮሌጆች ግን ሦስት እጥፍ ያህል ያስከፍላሉ። በየአውቶቡሱ ላይ የሚታየው ማስታወቂያ አብዛኛው የግሎቹ ነው። ከእነሱ ተምረው ጥሩ ደረጃ የደረሱ አሉና አናንቋሽሽም፤ ነገር ግን ልጃችሁ ከመፈረሙ በፊት «ይህ ኮሌጅ በመንግሥት በጀት ነው ወይስ በግል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ሳይለዩ ገብተው ዕዳ የተሸከሙ ቤተሰቦች አጋጥመውናል።

የእርዳታው ምንጭ ብዙ ነው። ሚንሃል ሃስቱደንቲም አዲስ ገቢ ተማሪዎችን በትምህርት ክፍያ ይረዳል፤ መመሪያው የዕድሜና የጊዜ ገደብ ስላለው የየዓመቱን ደንብ ከራሱ ከቢሮው መስማት ያስፈልጋል እንጂ «እከሌ አግኝቷል፣ እከሌ ተከልክሏል» በሚል ወሬ መወሰን አይገባም። ፔራኽ የሚባለው ፕሮግራም በ1970ዎቹ ሬሆቮት፣ ዋይዝማን ኢንስቲትዩት ውስጥ የተጀመረ ነው፤ ተማሪው በሳምንት ጥቂት ሰዓት አንድ ልጅ እያስጠና ከክፍያው የተወሰነውን ያገኛል። ልጆቻችን አስጠኚም ተጠኚም ሆነውበታል። በ1977 የተቋቋመው ኢሴፍ ደግሞ ከመጀመሪያ ዲግሪ እስከ ዶክትሬት ድረስ የሚረዳ ድርጅት ነው። ከውትድርና በፊት መማር ለሚፈልግ አቱዳ አለ፤ ሠራዊቱ ያስተምረዋል፣ እሱም በሙያው ተጨማሪ ዓመታት ያገለግላል። ለዚህ ምዝገባው ገና ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለ ነው።

ፒካዶንን ሳናነሣ አናልፍም። ልጅ ከሠራዊት ሲወጣ የሚጠራቀምለት ይህ ገንዘብ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ለትምህርት፣ ለሠርግ፣ ለቤት፣ ለንግድና ለመሳሰሉት ብቻ ይወጣል። ሠርጋችን ሰፊ ነው፤ ዘመድ ከሰሜን እስከ ደቡብ ይጠራል፤ ደስ ይላል። ሆኖም የአንድ ሌሊት አዳራሽ የሁለት ዓመት ትምህርት ሲበላ ማየት ያሳዝነናል። ሙሽሮቹ ይቅር ይበሉን።

ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላስ? ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ «ደረስን» ብሎ ይቆማል። ልጁ ግን ዲግሪ ይዞ በጥበቃ ወይም በስልክ መልስ ሰጪነት ሲሠራ እናገኘዋለን። ዲግሪ እንጂ የሚያስተዋውቅ ሰው የለውማ። በ2007 የተመሠረተው ዖሊም በያሐድ ምሩቃንን ከአሠሪዎች ጋር ለማገናኘት የተነሣ ነው። በ2011 በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኞች ሹመት ሕግ ደግሞ ራሱ ወይም ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያ የተወለደ ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተገቢ ውክልና እንዲኖረው ተደንግጓል። ስለዚህ እዚህ የተወለደውም ልጅ ሕጉ ይመለከተዋል። ከማኅበረሰባችን በ2012 አምባሳደር፣ በ2016 ሁለት ዳኞች፣ በ2020 ሚኒስትር ተሾመዋል። በሩ ለጥቂቶች ተከፈተ ማለት ለሁሉም ሰፋ ማለት ባይሆንም፣ «የኛ ሰው አይሾምም» የሚለውን ግን ልጆቻችን ፊት ከእንግዲህ አንበል።

አሁን ወደ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ፣ ወደ ምርምር እንሻገር። እዚህ ላይ ትንሽ ብንቆይ አትዘኑብን።

ምርምር ማለት ሀብታም ልጆች የሚጫወቱበት ነገር ይመስላል። አይደለም። ለምሳሌ ዋይዝማን ኢንስቲትዩት ሳይንስ አጥንቶ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የተቀበለውን ተማሪ የትምህርት ክፍያ አያስከፍለውም፤ እንዲያውም መኖሪያ ይከፍለዋል። በሌሎቹም ዩኒቨርሲቲዎች በተለይ በሳይንስ ለምርምር ተማሪ መኖሪያ መክፈል የተለመደ ነው። «እስከ መቼ ትማራለህ? ሥራ አትይዝም ወይ?» ብለን ልጁን ከማሳፈራችን በፊት፣ ምርምሩ ራሱ ሥራ መሆኑን እንወቅ።

ከዚህም ሌላ የራሳችን ጉዳይ አለ። ቤተ እስራኤል ከ150 ዓመት በላይ የተጠናን ሕዝብ ነን። ጆሴፍ ሃሌቪ በ1867 ወደ አገራችን መጣ፤ ተማሪው ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 ተከተለው። ፋይትሎቪች ግን ጽፎ ብቻ አልሄደም፤ ልጆቻችንን ለትምህርት ይዞ ወጣ። ታምራት አማኑኤል በፈረንሳይና በጣሊያን ተማሩ፤ በኋላም አዲስ አበባ በተከፈተው ትምህርት ቤት አስተማሩ። ዮና ቦጋለ በኢየሩሳሌምና በአውሮፓ ተምረው ተመልሰው ሕዝባቸውን አገለገሉ። በ1955 እና በ1956 ደግሞ ልጆች ወደ ክፋር ባትያ መጥተው ተምረው፣ አብዛኞቹ ተመልሰው በየመንደሩ መምህራን ሆኑ። በዛሬ ቋንቋ ብንናገር የመጀመሪያዎቹ ባለ ሚልጋዎቻችን እነሱ ናቸው። የተላኩትም ዕውቀቱን መልሰው እንዲያመጡት ነበር።

ዛሬም ያ ሥራ አላለቀም። በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ የቤተ እስራኤልን ኦሪትና ትርጓሜውን፣ ግዕዙን ጭምር የሚያስተምር የሁለተኛ ዲግሪ ፕሮግራም አለ። በማኅበረሰባችን እጅ የነበሩ ሁለት የኦሪት ብራናዎች በ15ኛው መቶ ዓመት የተጻፉ መሆናቸው በ2023 ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ተገልጿል። እነዚህን መጻሕፍት ያቆዩት ቄሶቻችን ናቸው፤ ትርጓሜውንም በቃላቸው የያዙት እነሱ ናቸው። አንድ ሽማግሌ ባረፉ ቁጥር ከእሳቸው ጋር የሚቀበር ዕውቀት አለ። ይህን ቁጭ ብሎ ለመስማት አማርኛ ወይም ትግርኛ የሚያውቅ፣ ግዕዝ የተማረ፣ ምርምር የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። ከኛ ልጅ የተሻለ ማን አለ? ስለዚህ ቤት ውስጥ አማርኛ አታጥፉ። ልጁ በዕብራይስጥ ቢመልስላችሁም እናንተ በአማርኛ ተናገሩት።

ሁሉም ልጅ ስለኛ ይመራመር ማለታችን አይደለም። ስለ ካንሰርም ስለ ከዋክብትም ያጥና። ግን ጥያቄ ይዞ ቤታችሁ የሚመጣ ተማሪ፣ የኛም ሆነ የሌላ፣ ቃላችሁን ሲቀዳ «ስትጨርስ የጻፍከውን ታመጣልኛለህ?» በሉት። የተናገራችሁት የእናንተ ነው።

ንግግራችን እዚህ ላይ ያበቃል። በሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዱ ቤተሰብ የልጁን ቴዑዳ ይዞ ይምጣ፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ሁሉ አብረን እናየዋለን። ተማሪዎቻችን በዕብራይስጥና በአማርኛ ያስረዷችኋል። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ከኋላ የተቀመጡት እናቶች ይቅደሙ።