የአውቶሞቢልን ቀለም በቤት ውስጥ ስለ መወልወል
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በደመወዙ የሚተዳደር ሰው ለብዙ ዘመን ቆጥቦ ከሚያፈራቸው ንብረቶች አንዱ አውቶሞቢል ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ አውቶሞቢሎች ላይ የሚከፈለውን ታክስ ከፍ ካደረገ፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፥ በእጅ ያለውን ጠብቆ ማቆየት ከፊተኛው ይልቅ የሚያስፈልግ ሆኗል። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን የደበዘዘን ቀለም በጥቂት ወጪ፥ በቤት ግቢ ውስጥ፥ በኤሌክትሪክ መሣሪያ እንዴት መወልወል እንደሚቻል እናስረዳለን።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፥ በመሣሪያ መወልወል ማለት በቀለሙ ላይ አንዳች ነገር መጨመር ሳይሆን ከቀለሙ ላይ ፍቆ መቀነስ መሆኑ ነው። በዛሬው ዘመን አብዛኛው አውቶሞቢል ከመነሻው ቀለም በላይ መልክ የሚሰጠው ቀለም፥ ከዚያም በላይ እንደ መስታወት የጠራ ሽፋን አለው። የዚህ ሽፋን ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ያህል ነው። በየቢሮአችን የምንጽፍበት ወረቀት 100 ማይክሮን ያህል ስለ ሆነ፥ ቀለሙን የሚጠብቀው ሽፋን የአንድ ወረቀት ግማሽ ቢሆን ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ የፀሐይ ጨረር ብርቱ ነውና፥ ይህ ስስ ሽፋን የተፋቀበት ቀለም ፈጥኖ ይበላሻል። ያለቀውንም ሽፋን መወልወል አይመልሰውም፤ መድኀኒቱ እንደ ገና ማስቀባት ብቻ ነው።

እንግዲህ ሥራው የሚጀመረው በመመርመር ነው። ጭረቱን በጥፍር ዳብሱት። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ጥልቅ ስለ ሆነ እርሱን ለማጥፋት መድከም ሽፋኑን መጨረስ ነው፤ ይተው። ሽፋኑ እንደ ቅርፊት የተላጠ ከሆነም መወልወል አይጠቅመውም። በመወልወል የሚጠፋው ከአጣጠብና ከአቧራ የመጣው፥ በፀሐይ ሲታይ እንደ ሸረሪት ድር የሚመስለው ጭረት፥ እንዲሁም የገጹ መደብዘዝ ነው።

መሣሪያውን በሚመለከት፥ በአንድ ማእከል ብቻ እየዞረ የሚፍቀው ግራይንደር ለጀማሪ አይመከርም፤ በአንድ ስፍራ ጥቂት ከቆየ ሙቀቱ ቀለሙን ያቃጥላል። ይልቁንስ ስፖንጁ በራሱ ላይ እየዞረ ደግሞም ወዲያና ወዲህ የሚዋልል ባለ ድርብ እንቅስቃሴ መሣሪያ ይመረጥ። ይህኛው በብርቱ ሲጫኑት መዞሩን ስለሚያቆም ጉዳቱ ያነሰ ነው። በስፖንጁ መያዣ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ አንድ መስመር ብታሰምሩ፥ መዞሩንና አለመዞሩን በዐይናችሁ ትከታተላላችሁ።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። አውቶሞቢሉ በጥላ ይቁም፤ ብረቱ ይቀዝቅዝ። በሚገባ ታጥቦ ይድረቅ፤ አንዲት የቀረች አሸዋ ከስፖንጁ ሥር ብትገባ አዲስ ጭረት ታወጣለችና። ሙቀትና ፍቀት የሚበረታባቸው የኮፈንና የበር ጠርዞች በወረቀት ፕላስተር ይሸፈኑ። ከዚያ ኮፈኑ ላይ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ስፍራ ለሙከራ ይመረጥ። በስፖንጁ ላይ የአተር ፍሬ የሚያህል ለስላሳ ፖሊሽ ሦስት ወይም አራት ነጥብ አድርጉ፤ መሣሪያው ገጹን ሳይነካ አይነሣ፤ በዝግታ እያሰራጫችሁ፥ ፍጥነቱን ጥቂት ጨምራችሁ፥ አንዱን መስመር በሌላው ላይ በግማሽ እየደረባችሁ፥ አንድ ጊዜ ወደ ጎን፥ አንድ ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ከአራት እስከ ስድስት ዙር ሂዱ። ጠርጋችሁም በባትሪ መብራት ተመልከቱ። ከጠፋላችሁ በዚያው ቀጥሉ፤ ካልጠፋ ብቻ ወደሚበረታው ፖሊሽ እለፉ። ከብርቱ የሚጀምር ሰው በልስላሴ ሊያገኝ የሚችለውን ነገር በከንቱ ሽፋን ይከፍልበታል። ፓራውልት ፕላስቲክ ስለ ሆነና ሙቀትን ስለማያሳልፍ፥ በዚያ ላይ እጃችሁ የቀለለ ይሁን።

ወጪን ስለ መቆጠብም፥ መሣሪያው በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የማይፈለግ በመሆኑ ሦስት ወይም አራት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ገንዘብ አዋጥተው ሊገዙትና በተራ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ስፖንጅ ግን ቢያንስ ሁለት ሦስት ይኑር፤ ሲቆሽሽ በሌላ ይለወጥ፥ ከሥራም በኋላ ታጥቦ ይድረቅ። መጨረሻ ላይ ሰም መቀባት አይዘንጋ። መወልወል ሽፋኑን ሲቀንስ ሰሙ ከላይ ሆኖ የቀረውን ይጠብቃልና፥ ሰሙን በየጊዜው የሚያድስ ሰው መሣሪያውን ዳግመኛ ለማንሣት ብዙም አይገደድም።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደሚባለው፥ በዚህ ሥራ ግን ያፈሰሱትን መልቀም እንኳ አይቻልም። ስለዚህ ዐይናችሁ ፍጹም ጭረት የሌለበትን ገጽ አይመኝ፤ ከጭረቱ እኩሌታው ጠፍቶ ሽፋኑ ቢተርፍ ሥራው መልካም ነው።