የተጎዳ እጅ እስከ እሁድ አይቆይም
(ካቺሲ በተካሄደው ጠቅላላ ጉባኤያችን ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከእኛ የሚጠበቀው የቁጠባና የብድር ሪፖርት ነው። እሱን ከምሳ በኋላ እናቀርባለን። አሁን የምንናገረው ስለ እጅ ነው። በብድር መዝገባችን «ምክንያት» በሚለው ዓምድ ሥር ማጭድ፣ መጥረቢያ፣ የወፍጮ ቺንጋ፣ የፈላ ዘይት የሚሉ ቃላት ደጋግመን ጽፈናል። በነዚህ ምክንያቶች የወጣ ብድር ደግሞ በጊዜው አይመለስም። የሚያጭደውና የሚጋግረው እጅ ታስሮ እያለ ከየት ይመጣል?

ባለፈው አጨዳ አንዲት እህታችን ጤፍ ስታጭድ መዳፏን ከትንሿ ጣት ሥር ተቆረጠች። ይህን እንድንናገር ፈቅዳልናለች። ቁስሉ ጠባብ ነበር፤ ቡና ተነሰነሰበት፣ ደሙም ቆመ፣ ማንም አልደነገጠም። ነገር ግን ሁለቱ ጣቶቿ አልታጠፍ አሉ። ለሕክምና መሄጃ ስትጠይቀን «የድንገተኛ ገንዘብ የሚፈቀደው በእሁድ ስብሰባ ነው» አልናት። የመጀመሪያው እሁድ ለቅሶ ስለነበር ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም። በሁለተኛው እሁድ ፈቀድን። አምቦ ስትደርስ ቁስሉ መግል ይዟል፤ የተቆረጠው ጅማት ወደ ውስጥ ሸሽቷል። ቶሎ የተሰፋ ጅማት የሚድንበት ዕድል ጥሩ ነው፤ ጊዜ በሄደና ቁስሉ ባመረቀዘ መጠን ግን ሥራው ይከብዳል። ዛሬም ሁለቱ ጣቶቿ አይታጠፉም። ያን ደንብ ያረቀቅነው እኛ ነን፤ ቃለ ጉባኤውም በእኛ እጅ ጽሑፍ ነው።

ከዚያ ወዲህ ነርሶችን ጠይቀን የተማርነውን እንንገራችሁ።

ደም ሲፈስ ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጎ በእጅ መጫን፣ እጁንም ከፍ አድርጎ መያዝ ነው። አሥር ደቂቃ ሳይገልጡ። እኛ በየደቂቃው «ቆመ ወይ?» እያልን እንገልጣለን፤ የሚያደማውም ይኸው መግለጡ ነው። ቡና ለመጠጣት ነው፤ ቁስል ላይ ቆሻሻ ነው። አፈርም፣ ጋዝም፣ እበትም እንዲሁ። ደሙ ከቆመ ፈልቶ በቀዘቀዘ ብዙ ውሃ ይታጠብ። ቀለበት ካለ እብጠት ሳይቀድም፣ በሳሙና አንሸራቶም ቢሆን ይውጣ። የጋብቻ ቀለበት ነው ብላችሁ እንዳትከራከሩ፤ ባልም ቢሆን ጣቱ የተረፈላትን ሚስት ይመርጣል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ነገርም አይረሳ።

ከመታሰሩ በፊት አንድ ደቂቃ ወስዳችሁ እያንዳንዱን ጣት እጠፊ፣ ዘርጊ በሏት። የጣቶቿን ጫፍ በግራና በቀኝ ንኩ። የማይታጠፍ ወይም የማይዘረጋ ጣት ካለ ጅማት፣ የደነዘዘ ካለ ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ይችላል፤ ቁስሉ ምንም ቢያንስ የዚያኑ ቀን ሐኪም ይየው።

ለመንገድ ማሰሪያ የሚሆን ነገር ከቤት አይጠፋም። ወፍራም ካርቶን ከክንድ እስከ ጣት፣ በላዩ ለስላሳ ጨርቅ፣ መዳፍ ውስጥ የተጠቀለለ ነጠላ፣ ከዚያ ፋሻ። የተጣመመውን ለማቃናት አትሞክሩ። የጣት ጫፎች እንዲታዩ ውጭ ይቅሩ። በጤና ተቋም ለሳምንታት ሲታሰር ግን አቀማመጡ ሌላ ነው፦ ብዙ ጊዜ አንጓው ትንሽ ወደ ኋላ ቀና ብሎ፣ ጣቶች ከመዳፍ ጋር በሚገናኙበት ታጥፈው፣ ከዚያ ወዲያ ቀጥ ብለው ነው። ጅማቶቹ በዚህ አኳኋን ተወጥረው ስለሚቆዩ አያጥሩም። እጅ እንደ ሰሌዳ ጠፍጣፋ ሆኖ ብዙ ከቆየ አጥንቱ ቢድንም መዳፉ መጨበጥ ሊያቅተው ይችላል።

ሌላም አለ፤ ብዙዎቻችን የምንንቀው። የጣት ጫፍ ተመትቶ ይወድቅና በራሱ አልነሣ ይላል። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ጫፉን ቀጥ አድርጎ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ማሰር ብቻ ነው። ነገር ግን በመሃል አንዴ እንኳ ከታጠፈ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ከቁጠባ ይለያል ማለት ነው፤ ያለፈው ሳምንት ለቀጣዩ አይተላለፍም።

አሁን ወደ ወጌሻ። እኛ ጋ ኦጌሳ የምንላቸውን ልንሰድባቸው አልመጣንም፤ ብዙዎቻችን የምናምናቸው ዘመዶቻችን ናቸው። የሚያስፈራው የጠበቀ የቀርከሃ ማሰሪያ ነው። እብጠቱ ሲጨምር ማሰሪያው አይሰፋም፤ ደም ይቆማል፣ ሥጋ ይሞታል፣ መጨረሻው መቆረጥ ነው። በጉራጌ የሚገኘው አጣጥ ሆስፒታል ለአካባቢው ወጌሾች የአንድ ቀን ሥልጠና ሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪታንያ የአጥንት ቀዶ ሕክምና መጽሔት እንደወጣው፣ ከሥልጠናው በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቆረጡ እጅና እግሮች ቁጥር ቀነሰ። አንድ ቀን ነው እህቶቼ፤ የእኛ ስብሰባ ከዚያ የሚረዝምበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ ማሰሪያ ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣት ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከነጣ ወይም ከጠቆረ፣ ጥፍር ተጭነው ሲለቁት ቀለሙ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ማሰሪያው እስከ ቆዳ ድረስ ይፈታ። ሌሊትም ቢሆን። ወጌሻ ቢያስረው፣ ነርስም ብታስረው። ከዚያ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም።

የሒሳብ ክፍሉ ያቀረበው የደንብ ማሻሻያ ይህ ነው። ለአካል ጉዳት የሚሆን የመጓጓዣና የካርድ ገንዘብ ከፈራሚዎች ሁለቱ በስልክ ተስማምተው የዚያኑ ቀን ይስጡ፤ ደረሰኙና ቃለ ጉባኤው እሁድ ይድረሱ። «ገንዘቡ ይባክናል» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። እኛም ሒሳብ ሠራተኞች ነንና መጀመሪያ ያልነው ይህንኑ ነበር። ያቺን እህታችንን አይተን ነው ሐሳባችንን የለወጥነው።

ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ካርቶኑና ፋሻው ይታደል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ፤ አንዷ ትሰር፣ አንዷ ጥፍሯን ተጭና ትቁጠር።