እጅና ጆሮ፦ ስለ በገና ቅኝት



አዘጋጆቹ «ከሕክምና ውጭ ስለምትሠሪው ንገሪን» ሲሉኝ ቶሎ የመጣልኝ በገና ነው። የምማረው ወረታ ነው፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስንመላለስ፣ የደብረ ታቦር መንገድ ሲገነጠል በመስኮት የምናያት ከተማ። ዛሬ የማወራው ስለ ቅኝት ነው፤ እደረድርላችኋለሁ ግን አላልኩም።

በገና ዐሥር አውታር አለው። አውታሩ በባህሉ ከበግ አንጀት ይሠራል፤ የድምፅ ሳጥኑ በቆዳ ይለበጣል። አውታሮቹ ከላይ በቀንበሩ ላይ ይወጠራሉ፣ ከታች በብርኩማው ላይ ያርፋሉ። ዐሥሩም ላይመቱ ይችላሉ፤ እኔ የምማረው ስድስቱን መደርደር ነው፤ የቀሩት የጣት ማረፊያ ናቸው።

አሁን ወደ ጆሯችን እንምጣ። እኩል ኃይል ቢኖራቸውም፣ በጣም ወፍራም ድምፅ ከመካከለኛው ያነሰ ሆኖ ይሰማናል። ሜክሲኮዎች በማሪያቺ ሙዚቃቸው ጊታሮን የሚባል ትልቅ ጊታር አላቸው፤ ሆዱን አስፍተው፣ አንዱን ድምፅ በወፍራምና በቀጭን ክር አንድ ላይ እየሳቡ እንዲሰማ ያደርጉታል። የእኛ አባቶች መላ ግን እንዝራ ነው፤ በአውታሩና በብርኩማው መካከል የምትገባ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ። ቦታዋን ስታገኝ አውታሩ ብርኩማውን እየነካካ ይነዝራል፤ በወፍራሙ ድምፅ ላይም ቀጫጭን ድምፆች ይጨመሩለታል። በማዳመጫችን ብንሰማው «ይሄ ነገር ጤና አይደለም» የምንለው ሻካራነት ለበገና ድምፁ ነው።

ታዲያ ቅኝት ሁለት ሥራ ነው። አንደኛው አውታሩን ወደ ትዝታ ወይም ወደ አንቺሆዬ ማድረስ ነው፤ በዚህ ስልክም ያግዛል። ሁለተኛው እንዝራዋን ማስቀመጥ ነው፤ የፀጉር ያህል ወዲህ፣ የፀጉር ያህል ወዲያ። እዚህ ላይ ስልክ አያግዝም። ክረምት ገብቶ ርብና ጉማራ ሲሞሉ፣ የፎገራ ሜዳ ውኃ ሲያቁር ደግሞ እርጥበቱ አንጀቱንም ቆዳውንም ይለውጣል። ማታ የቃኛችሁት በገና ጠዋት ሌላ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

የሚያስተምሩኝ አዛውንት ናቸው፤ የኔታ እላቸዋለሁ። ጆሯቸው እየደከመ ነው። በእርጅና ቀድሞ የሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ መሆኑን ታውቃላችሁ። የአውታሩን ወፍራም ድምፅ ይሰማሉ፤ የእንዝራዋ ንዝረት ግን እያመለጣቸው ነው። ስለዚህ እሷን በጣታቸው ነካ ያደርጉና «ልጄ፣ ነዘረ?» ይሉኛል። «አልነዘረም የኔታ።» ደግመው ነካ ያደርጓታል። «አሁንስ?» እጁ የእሳቸው ነው፣ ጆሮው የእኔ። አብረን ሙሉ ሰው ነን። ይሁን እንጂ ይህ ሽርክና ጊዜ አለው፤ ጆሮዬን አበደርኳቸው እንጂ እጃቸውን ገና አልወረስኩም።

ይህ ዕውቀት ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ የመጣ ነው። ዝነኛው የበገና ሊቅ ዓለሙ አጋ ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ተማሩ፤ በኋላ ራሳቸው በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማሩ። መሃል ላይ አንድ ሰው ቢጎድል በገናው ግድግዳ ላይ ይቀራል፤ እንዴት እንደሚነዝር ግን የሚያሳይ አይኖርም።

የእኛስ ሙያ ከዚህ ምን ይለያል? ያበጠ ጣፊያን ከመጽሐፍ ብቻ አላወቅነውም፤ እጃችንን ይዞ «እዚህ ጋ፣ በደንብ ተንፍስ በዪው» ያለን ሰው ነበር። ከነዚያ ሰዎች አንዳንዶቹ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ። ዓይናቸው ቢደክምም እጃቸው ያውቃል። ወጣት መምህራን፣ እባካችሁ ዓይንና ጆሯችሁን አበድሯቸው፤ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ «አሁንስ?» ሲሉ መልሱላቸው።

እኔ ያለ የኔታ እጅ ማስነዘር የቻልኩት ሁለት አውታር ነው። አራት ይቀረኛል።