እናት በመንገድ ላይ እንዳትቀር

(በመርካቶ፣ ጭድ ተራ ለለጋሾችና ለቤተሰቦች የቀረበ ንግግር)



የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የቲሞችን በማሳደግ ላይ የምትገኙ እናቶች፤

ዘወትር የምንሰባሰበው ወላጁን ያጣውን ልጅ ለመደገፍ ነው። ዛሬ ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሰን፣ ልጁ ወላጁን ከማጣቱ በፊት ምን ሊደረግ ይቻል ነበር ብለን እንጠይቅ።

ሲራ እንደሚያስተምረን፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አባታቸውን ያጡት ገና ሳይወለዱ ነበር። እናታቸው አሚናም፣ እርሳቸው የስድስት ዓመት ሕፃን ሳሉ፣ ዛሬ መዲና ከምትባለው ከተማ ወደ መካ ሲመለሱ አል አብዋእ በተባለ ስፍራ ታመው አረፉ። ሕፃኑን ይዘው መካ ያደረሱት ሐበሻዊቷ በረካ፣ በኋላ ኡሙ አይመን የተባሉት ናቸው። እናቱ መንገድ ላይ የቀረችበት ልጅ ጉዳይ ለኛ ባዕድ አይደለም።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግምት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ 412 ሆኗል። አልሐምዱ ሊላህ፣ ትልቅ ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሴት የጤና ሠራተኞችን ወደ ገጠር ቀበሌዎች አቅርቧል። ይሁን እንጂ ምጥ በጠናባት እናትና በጤና ጣቢያው መካከል ያለው ርቀት ዛሬም በብዙ ስፍራ ሕይወት ይቀጥፋል።

ይህን ርቀት ለማሳጠር ሞተር ብስክሌትን መሣሪያ ያደረጉ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ተዋናዩ ኢዋን ማክግሪገርና ጓደኛው ቻርሊ ቡርማን ከስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ተነሥተው፣ 18 አገሮችን በሞተር ብስክሌት አቋርጠው ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕታውን ገብተዋል። ከሱዳን ወደ ኬንያ ሲያቀኑ ያለፉት በአገራችን በኩል ነበር። በጉዞው ከተደገፉት ድርጅቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተው «ራይደርስ ፎር ሄልዝ» ነው። መሥራቾቹ አንድ ቀላል የሚመስል ነገር አስተውለው ነበር፤ ለገጠር ጤና የተሰጡ ተሽከርካሪዎች ዕድሜያቸው ሳይደርስ ቆመው ይቀሩ ነበር። ዘይት በወቅቱ የሚቀይርላቸው፣ ማጣሪያና ሰንሰለት የሚያይላቸው አልነበረም። ስለዚህ የጤና ሠራተኛው ሞተሩን በየዕለቱ እንዲፈትሽ አሠለጠኑ፤ መለዋወጫውም ከመበላሸቱ በፊት እንዲለወጥ አደረጉ። በጋምቢያ፣ በሌሶቶና በዚምባብዌ በዚህ መንገድ ሠርተዋል።

ውድ ወገኖቼ፣ ከዚህ ሦስት ነገሮችን እንውሰድ።

አንደኛ፣ የጉዞው ጭብጨባ በአንድ ቀን ያበቃል፤ የነዳጁና የጥገናው ወጪ ግን በየወሩ ይመጣል። ነጋዴ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ሞተር ለመግዛት ገንዘብ ስንሰጥ፣ ከዓመት በኋላ ማን ይጠግነዋል ብለን እንጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ አማና ነው። ወጣቶቻችን እንዲህ ያለ ጉዞ ቢያስቡ፣ የመንገድ ወጪያቸው ከሰደቃው ተለይቶ ይያዝ፤ ሒሳቡም ለሰጪው ይገለጽ።

ሦስተኛ፣ የራስ ቁር ሳያደርግ፣ በሌሊት፣ ያለ ዕረፍት የሚጋልብ ሰው ወላጅ አልባን ለመርዳት ወጥቶ የራሱን ልጆች የቲም ሊያደርግ ይችላል። የነፍስ ጥበቃም ከዒባዳ ነው።

የተሰበሰብንበት ስፍራ የጭድ ስም የያዘ ነው። ጭድ ብቻውን ሲሆን ነፋስ ይወስደዋል፤ ከጭቃ ጋር ሲቦካ ግን ግድግዳ ያቆማል። በየወሩ የምትሰጡት ጥቂት ብርም እንዲሁ ነው። ለአንድ ሞተር ዘይትና ጎማ ሆኖ፣ አንዲት እናትን በሌሊት ከሐኪም ያደርሳል። ያቺ እናት በሰላም ከተመለሰች፣ ልጇ በእኛ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ከመዝገባችን የሚቀረው ያ ስም ከደስታችን ሁሉ የሚበልጥ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ሰደቃችሁን ይቀበል፤ እናቶቻችንን በሰላም ይገላግል፤ የቲሞቻችንን ያሳድግ። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።